ከመግቢያው በር በፊት ያለው መንገድ፦ ለፋርማሲ ትምህርት የሚያስፈልገው ዝግጅትና የሕግ አውጪዎች ድርሻ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚንቀሳቀሱ የማኅበረሰብ ተሟጋቾችና ለምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤቶች ባልደረቦች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚገኙ ፋርማሲዎች አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም። መድኃኒት የሚቆጥረው፣ ስልክ የሚያነሣው፣ የኢንሹራንስ ካርድ የሚቀበለው ወጣት ብዙ ጊዜ የፋርማሲ ቴክኒሽያን ነው። መድኃኒቱን መርምሮ የማጽደቅ፣ በሽተኛውን የማማከርና ከሐኪሙ ጋር የመነጋገር ሥልጣን ያለው ግን ፋርማሲስቱ ነው። በቴክኒሽያኑና በፋርማሲስቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ቢመስልም፣ በትምህርት ሲለካ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናል። ከዚህም ጊዜ ውስጥ የብዙዎች ጉዞ የሚሰናከለው በፋርማሲ ኮሌጁ ውስጥ ሳይሆን ወደ ኮሌጁ ከመድረሳቸው በፊት ባሉት ዓመታት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ እነዚያ ዓመታት ናቸው።

ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች የግል ምኞት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአሜሪካ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «8:00 ኤ.ኤም.» ተብሎ የተጻፈው ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለኖረች እናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ስምንት የሚለውን ቁጥር ብቻ የያዘች እናት መድኃኒቷን ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ልትወስደው ትችላለች፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳንም እስከ ማግሪብ ሲጾም መጠኑና ሰዓቱ እንዴት ሊስተካከል እንደሚገባው የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። አስተርጓሚ ቃሉን ይተረጉማል፤ ጥያቄው መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው ግን ሙያውንም ሕዝቡንም የሚያውቅ ባለሙያ ነው። የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ምክር ቤት በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ጨምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እንዲያገለግሉ ያስገድዳል። ሕጉ የሚገዛው ግን የከተማዪቱን መሥሪያ ቤቶች እንጂ በየመንገዱ ማዕዘን ያለውን የግል ፋርማሲ አይደለም። በዚያ ማዕዘን አማርኛ የሚናገር ፋርማሲስት እንዲቆም የሚያደርገው ትምህርት ነው።

፩. በሩ ምን ይጠይቃል?

በአሜሪካ የፋርማሲ ትምህርት እውቅና ሰጪው አካል ያወጣው መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ወደ ሙያው የሚያስገባው ብቸኛ ዲግሪ የፋርማሲ ዶክትሬት፣ በተለምዶ «ፋርም ዲ» የሚባለው፣ ሆኗል። ይህ ትምህርት በአብዛኞቹ ኮሌጆች አራት ዓመት ይፈጃል። ከእርሱ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚወስድ የቅድመ ፋርማሲ ትምህርት መጠናቀቅ አለበት፤ አንዳንድ ኮሌጆች ሦስት ዓመት፣ ጥቂቶችም የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃሉ።

የቅድመ ፋርማሲው ዝርዝር ከኮሌጅ ኮሌጅ ቢለያይም አከርካሪው አንድ ነው። አንድ ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪ ከቤተ ሙከራ ጋር፤ አንድ ዓመት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከቤተ ሙከራ ጋር፤ ባዮሎጂ፤ ማይክሮባዮሎጂ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፤ ካልኩለስና ስታቲስቲክስ ይጠየቃሉ። ብዙ ኮሌጆች ባዮኬሚስትሪና ፊዚክስ ይጨምራሉ። ከሳይንሱ ውጭም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ የአደባባይ ንግግርና አንዳንዴ ኢኮኖሚክስ አለ። በእያንዳንዱ የሳይንስ ትምህርት ከ«ሲ» በታች ያለ ውጤት በአብዛኛው ተቀባይነት የለውም፤ በብዙ ቦታ «ሲ ማይነስ»ም ቢሆን አይቆጠርም። አንዳንድ ኮሌጆች ደግሞ ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በፊት የተወሰደን የሳይንስ ትምህርት አይቀበሉም። ልጅ ለማሳደግ ወይም ቤተሰብ ለመርዳት ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ሲመለስ አሮጌው ውጤቱ ዋጋ አጥቶ ሊያገኘው ይችላል።

ቀድሞ «ፒካት» የሚባል የመግቢያ ፈተና ነበረ። ፈተናው በ2024 መጀመሪያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። ብዙ ወላጆች ይህን እንደ እፎይታ ተቀብለውታል። ነገር ግን ፈተናው ሲቀር ክብደቱ አልጠፋም፤ ወደ ትራንስክሪፕቱ ተዛወረ። ዛሬ የቅበላ ኮሚቴ የሚመዝነው የትምህርቱን ውጤት፣ የድጋፍ ደብዳቤውን፣ የጽሑፍ መግለጫውንና ቃለ መጠይቁን ነው። በአንደኛ ዓመት ውጤቱ የተበላሸበት ተማሪ በአንድ ቀን ፈተና ራሱን ሊክስ የሚችልበት ዕድል የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ዘግይተው የሚያውቁት አንድ ደንብ አለ። አብዛኞቹ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚቀበሉት «ፋርምካስ» በተባለው የጋራ አገልግሎት በኩል ነው። አገልግሎቱ ተማሪው በአሜሪካ ከተማረባቸው ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፤ አማካይ ነጥቡንም በራሱ መንገድ ያሰላል። አንድ ተማሪ የወደቀበትን ኬሚስትሪ ደግሞ «ኤ» ቢያመጣ፣ የራሱ ኮሌጅ አሮጌውን ውጤት ሊሰርዝለት ይችላል። ፋርምካስ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ማታ እየሠራ ጠዋት ቤተ ሙከራ የገባ ልጅ ያገኘው «ኤፍ» በሃያ አምስት ዓመቱም አብሮት ይሄዳል። በጊዜ ከትምህርቱ ቢወጣ ኖሮ በትራንስክሪፕቱ ላይ የሚሰፍረው «ደብሊው» ከአማካይ ነጥቡ ምንም ባልቀነሰ ነበር። ይህን በሁለተኛው ሳምንት የሚነግረው አማካሪ ያለውና የሌለው ተማሪ፣ ችሎታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ዕጣቸው ይለያያል። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

፪. የኬሚስትሪው ሰንሰለት

የቅድመ ፋርማሲ ትምህርት ሁለት ዓመት ነው ሲባል ቁጥሩ ያታልላል። አጠቃላይ ኬሚስትሪ አንድ ሳይጠናቀቅ ሁለትን መውሰድ አይቻልም፤ ከሁለቱ በፊት ኦርጋኒክ አንድ፣ ከእርሱም በፊት ኦርጋኒክ ሁለት አይታሰብም፤ ባዮኬሚስትሪ የሚመጣው ከኦርጋኒክ በኋላ ነው። አራት ወይም አምስት ሴሚስተር እርስ በርሱ የተያያዘ ሰንሰለት ማለት ነው። በሁለት ዓመት የሚጨርሰው በመጀመሪያው ሴሚስተር ኬሚስትሪ አንድን የጀመረ ተማሪ ብቻ ነው።

ወደ ኬሚስትሪ አንድ የሚያስገባው ደግሞ ሒሳብ ነው። የአልጀብራ ዝግጅቱ ያልተሟላ ተማሪ መጀመሪያ የማጠናከሪያ ሒሳብ እንዲወስድ ይደረጋል፤ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር እዚያው ያልፋል። በእንግሊዝኛ ፈተናም ወደ ቋንቋ ትምህርት ከተላከ ሌላ ዓመት ሊጨመር ይችላል። በወረቀት ሁለት ዓመት የነበረው መንገድ አራት ዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው።

ይህ ሰንሰለት የሚጀምረው በኮሌጅ አይደለም። በአሜሪካ ትምህርት ቤት አልጀብራ አንድን በ8ኛ ክፍል የወሰደ ልጅ በ9ኛ ጂኦሜትሪ፣ በ10ኛ አልጀብራ ሁለት፣ በ11ኛ ቅድመ ካልኩለስ፣ በ12ኛ ካልኩለስ ይደርሳል። አልጀብራን በ9ኛ የጀመረ ልጅ ካልኩለስን የሚያየው፣ ካየው፣ በኮሌጅ ነው። የ13 ዓመት ልጅ የሚመደብበትን የሒሳብ ክፍል የሚወስን ወረቀት በ7ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ወደ ቤት ሲላክ፣ ወላጁ ምን እየተወሰነ እንደሆነ ካላወቀ ፈርሞ ይመልሰዋል። ወረቀቱ በአማርኛ ቢተረጎም እንኳ «የሒሳብ ምደባ» የሚለው ርእስ የሙያ በር መሆኑን አይናገርም።

በጉርምስና ዕድሜያቸው ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተማሪዎች ሁኔታ ልዩ ትኩረት ይሻል። በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የተማረ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ባዮሎጂን ለየብቻቸው፣ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተምሯል። እዚህ ሲደርስ ግን በቋንቋ ፈተናው ምክንያት ወደ ዝቅተኛ የሳይንስ ክፍል ሊመደብ ይችላል። ልጁ የሚያውቀውን እየደገመ ጊዜው ያልፋል፤ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ኬሚስትሪ ሳያገኝ ይመረቃል። የእንግሊዝኛ ንግግሩ ገና መሆኑ ከሞለኪውል እውቀቱ ጋር ግንኙነት የለውም።

፫. ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘው የመጡ

ሁለተኛው ወገን በኢትዮጵያ ተመርቀው የመጡት ናቸው። እነርሱም ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂ፣ በነርስነት ወይም በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸውና ፋርማሲ መማር የሚፈልጉ ናቸው። ብዙ የፋርማሲ ኮሌጆች የቅድመ ፋርማሲ ሳይንስ በአሜሪካ ኮሌጅ እንዲወሰድ ስለሚጠይቁ፣ እነዚህ ሰዎች ኬሚስትሪን ከሀ ብለው ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ከፌዴራሉ ደንብ ጋር ይጋጫሉ። ፔል ግራንት የተባለው የፌዴራል ድጋፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ላልያዙ ተማሪዎች የተመደበ ነው፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ተብሎ ከተወሰነ ድጋፉ ይቀራል። እንግዲህ አንድ ዲግሪ በፋርማሲ ኮሌጁ ዘንድ ለኬሚስትሪ ማሟያ አይበቃም ይባላል፤ በገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ዘንድ ግን ድጋፍ ለመከልከል ይበቃል። ሁለቱም ውሳኔዎች በየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ተደምረው የሚወድቁት ግን በአንድ ሰው ላይ ነው።

በደንቡ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ተማሪው ዲግሪው ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር እኩል አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረበ፣ ኮሌጁ መርምሮ ድጋፉን ሊፈቅድ ይችላል። መተላለፊያው መኖሩን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰዎች ደግሞ፣ የሥራ ፈቃድ ቢኖራቸውም፣ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ አያገኙም። ጥያቄው ዓመታት በሚፈጅበት ጊዜ የኬሚስትሪው ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ሳይጀመር ዓመታቱ ያልፋሉ።

ሁለተኛዎቹ በኢትዮጵያ ፋርማሲ ተምረው፣ በሆስፒታልም በመድኃኒት ቤትም ያገለገሉ ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ሙያው በአገሪቱ ሥር የሰደደ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች በብሔራዊ የፋርማሲ ቦርዶች ማኅበር የውጭ ተመራቂዎች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ ይችላሉ፤ የሰነድ ምርመራ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና የሙያ አቻነት ፈተና አለው። ከዚያ በኋላ የክፍለ ግዛቱን የልምምድ ሰዓት አሟልተው ናፕሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተናና የሕግ ፈተናውን ይወስዳሉ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ወዲህ የተመረቁት ቢያንስ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ሥርዓተ ትምህርት እንዲያሟሉ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ለተመረቁት አራት ዓመት ይበቃ ነበር። የኢትዮጵያ የፋርማሲ ዲግሪ በአንድ ወቅት የአራት ዓመት ሆኖ ቆይቶ በኋላ ወደ አምስት ዓመት የተሸጋገረ በመሆኑ፣ በመካከል የተመረቁት በሩ ተዘግቶባቸው ያገኙታል። ለእነርሱ የቀረው አማራጭ ፋርም ዲን መማር ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲና በፍሎሪዳ በሚገኘው ኖቫ ሳውዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተመራቂዎች የተዘጋጁ አጠር ያሉ መንገዶች ተከፍተዋል፤ እንዲህ ያለውን መንገድ በዋሽንግተን አካባቢ ማስፋት ቢቻል ተጠቃሚው ብዙ ነው።

፬. ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ፋርማሲ ኮሌጅ መግባት ዛሬ ቀሏል፤ ታዲያ ዝግጅቱ ለምን ያስጨንቃል?» የሚል ነው። ከ2000 ወዲህ የፋርማሲ ኮሌጆች ቁጥር በጣም እንደጨመረ፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ የአመልካቾች ቁጥር እንዳሽቆለቆለ እውነት ነው። ነገር ግን በሩ ሲሰፋ ፈተናው አልቀለለም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ናፕሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ያልፉ የነበሩት ከ90 በመቶ በላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መጠኑ ጉልህ ቅናሽ አሳይቷል። በደካማ መሠረት ገብቶ፣ አራት ዓመት ከፍሎ፣ ፈቃድ ሳያገኝ የሚወጣ ተማሪ ካልገባው ይልቅ የተጎዳ ነው፤ ዕዳው ይከተለዋልና። ስለዚህ ቅበላው በቀለለ ቁጥር ዝግጅቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሙያውን የወደፊት ዕጣ ይመለከታል። ትላልቅ የፋርማሲ ሰንሰለቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሱቆችን ዘግተዋል፤ የቀሩት ባለሙያዎችም የሥራ ጫናው እንደከበዳቸው በአደባባይ ይናገራሉ። ማኅበረሰቡ ልጆቹን ወደ አንድ ሙያ ብቻ መንዳት የለበትም የሚለው ምክር ትክክል ነው። ሆኖም የቅድመ ፋርማሲ ትምህርት የፋርማሲ ብቻ አይደለም። ያው ኬሚስትሪ፣ ያው አናቶሚ፣ ያው ስታቲስቲክስ ለሕክምና፣ ለነርስነት፣ ለላቦራቶሪና ለመድኃኒት ምርምር ይሆናል። በዝግጅቱ ላይ የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ አንድ በር ቢዘጋ ሌላውን ይከፍታል።

፭. ከሕግ አውጪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ በክፍለ ግዛት ደረጃ። የትምህርት ቦርዶች ከውጭ የመጣን ተማሪ የሒሳብና የሳይንስ ደረጃ ከእንግሊዝኛ ደረጃው ለይተው፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲመዝኑ የሚያስገድድ ደንብ ያስፈልጋል። የሒሳብ ምደባ ወረቀት ወደ ቤት ሲላክም ውጤቱ ምን እንደሆነ በወላጁ ቋንቋ፣ በግልጽ ቃል ይገለጽ።

ሁለተኛ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች ልጆች ይማራሉ። የየትኛው ኮሌጅ የትኛው ትምህርት በክፍለ ግዛቱ የፋርማሲ ኮሌጆች ዘንድ እንደሚቆጠር በአንድ ሰንጠረዥ ታትሞ በየዓመቱ ይታደስ። በቀን ለሚሠሩ ተማሪዎች የማታና የቅዳሜ ቤተ ሙከራ እንዲከፈት በጀት ይመደብ፤ ንድፈ ሐሳቡን ማታ ተምሮ ቤተ ሙከራው በቀን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ተማሪው ወይ ሥራውን ወይ ሰንሰለቱን ይበጥሳል።

ሦስተኛ፣ በፌዴራል ደረጃ። የውጭ ዲግሪ ይዞ ለፈቃድ ሙያ የሚያስፈልግ ቅድመ ትምህርት ለሚወስድ ሰው ፔል ግራንት በተወሰነ የክሬዲት ጣሪያ እንዲፈቀድ የሕግ ማሻሻያ ይቅረብ። ማሻሻያው እስኪመጣ ድረስ ግን አሁን ያለው የአቻነት ማስረጃ መንገድ ለኮሌጆች በመመሪያ እንዲብራራ የምክር ቤት አባላት ለትምህርት መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሊጽፉ ይችላሉ። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

አራተኛ፣ ስለ ብድር። በጁላይ 2025 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች «ግራድ ፕላስ» የተባለውን ብድር አስቀርቷል፤ ለሙያ ዲግሪ ተማሪዎችም በዓመት የ50,000፣ በጠቅላላው የ200,000 ዶላር ጣሪያ ደንግጓል። የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ ከዚህ ሲያልፍ፣ ዋስ የሚሆንለት ወላጅ ያለው ተማሪ ወደ ባንክ ይሄዳል፤ የሌለው ይቀራል። በቅርብ ጊዜ የመጣ ቤተሰብ ደግሞ የብድር ታሪክ የለውም። ክፍለ ግዛቶች በቋንቋ ችግር ባለባቸው አካባቢዎች ለማገልገል ቃል ለሚገቡ የፋርማሲ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ቢያዘጋጁ ክፍተቱ ይጠባል።

አምስተኛ፣ በፈቃድ ሰጪ ቦርዶች። በአራት ዓመት ሥርዓት ተመርቀው ለዓመታት በሙያው የሠሩ ባለሙያዎች የጎደላቸውን ትምህርት ብቻ አሟልተው ወደ ምዘና የሚገቡበት መንገድ እንዲጠና ቦርዶቹ ከብሔራዊው ማኅበር ጋር ውይይት ይክፈቱ። የሚጠየቀው መመዘኛው እንዲወርድ አይደለም። የመድኃኒት ስሕተት ሕይወት ያጠፋልና ፈተናው ይጠበቅ፤ ወደ ፈተናው የሚያደርሰው መንገድ ብቻ ይከፈት።

፮. ማኅበረሰቡ ራሱ ሊያደርገው የሚችለው

ሁሉንም ከመንግሥት መጠበቅ አይገባም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አዳራሽ ቅዳሜና እሑድ ልጆች ይሰበሰባሉ። በሙያው ላይ ያሉ ፋርማሲስቶች በወር ሁለት ቀን ኬሚስትሪ ቢያስጠኑ፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ወላጆች ደግሞ የሒሳብ ምደባን ትርጉም ቢያስረዱ ወጪው ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ ነው። ቴክኒሽያን ሆነው ለሚሠሩ ወጣቶችም ግልጽ ምክር ያስፈልጋቸዋል፦ የሥራ ልምዱ ለማመልከቻውና ለቃለ መጠይቁ ኃይል ይሰጣል፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ግን አይተካም። በሴሚስተር አንድ የሳይንስ ትምህርት ወስዶ «ኤ» ማምጣት፣ ሦስት ወስዶ በሁለቱ ከመውደቅ ይሻላል። ዘገምተኛው መንገድ በፋርምካስ ስሌት ፈጣኑ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

የፋርማሲስት ፈቃድ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚታየው የመጨረሻው ዓመት ነው። ከእርሱ በስተጀርባ በ13 ዓመት የተሰጠ የሒሳብ ምደባ፣ በ18 ዓመት የተገኘ የኬሚስትሪ ውጤት፣ በገንዘብ ድጋፍ ቢሮ የተወሰነ ውሳኔ አለ። እያንዳንዱም በሕግ፣ በበጀት ወይም በደንብ ሊስተካከል የሚችል ነው። በመጪው የሕግ ማውጫ ዘመን ከእነዚህ አምስት ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ረቂቅ ሆኖ ቢቀርብ፣ ዛሬ በፋርማሲው መስኮት ጀርባ መድኃኒት ከሚቆጥሩት ወጣቶች ጥቂቶቹ ነገ የማማከር ሥልጣን ይዘው እዚያው ይቆማሉ። እናቶችም 8 ሰዓት የትኛው እንደሆነ በቋንቋቸው ጠይቀው ይረዳሉ።